የግራ እግር ትምህርት

አዲስ ሹፌርን ከነባሩ ለመለየት መሪ አያያዙን ማየት አያስፈልግም። ማርሽ ቀይሮ ሲያበቃ የግራ እግሩ የት እንደገባ ልብ ማለት ይበቃል። የነባሩ ወለሉ ላይ ያርፋል፤ የጀማሪው ፍሪሲዮኑ ላይ ተቀምጦ ይቀራል። «እግርህን አንሳ» ሲሉት «ኧረ አልረገጥኩም» ይላል። አልዋሸም፣ ጫማውን ብቻ ነው ያሳረፈው። ግን ያቺ ጫማ ብቻዋን ኩሽኔታውን ለመጫን አታንስም። ኩሽኔታው ደግሞ ማርሽ እስኪገባ ድረስ ለአፍታ ጫና እንዲችል ነው የተሠራው እንጂ ከአዋሽ እስከ ሚሌ ጫማ ተሸክሞ እንዲሄድ አይደለም። ካምቢዮው ወርዶ ሸራው ደህና፣ ኩሽኔታው ግን የተበላ ሆኖ ሲገኝ ባለንብረቱ የቻይና ዕቃ ይረግማል። ሹፌሩም አብሮ ይረግማል።

*

ከባድ መኪና የሚያሠለጥን አንድ ሰው አውቃለሁ፤ የጉልምስና ዕድሜውን አሰብ መንገድ ላይ የጨረሰ። አንድ ጠዋት ጋቢና ውስጥ ዳር ላይ ቦታ ሰጠኝና ሥራውን ሲሠራ አየሁት። ሠልጣኙ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ፣ የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃዱን ይዞ የመጣ ልጅ ነው። መኪናው ብዙ ያየ ኤፍ ኤስ አር ኢሱዙ።

«ቀኝ እግርህን ሰብስብ» አለው።

«የት ጋሼ?»

«ወደ ወንበሩ። ነዳጅ አትነካም።»

«ነዳጅ ካልሰጠሁት ይጠፋብኛላ!»

«ይጥፋ። ቁልፉ አንተ ጋ አይደል?»

ልጁ ፍሪሲዮን ረገጠ፣ አንደኛ አስገባ፣ እግሩን ባንዴ አነሳ። መኪናው ዘለለና ጸጥ አለ። አሠልጣኙ ምንም አልተናገረም፤ በአገጩ ወደ ቁልፉ ጠቆመው። ደግሞ ጠፋ። ደግሞ ቁልፉን ጠቆመው። ቀጥሎ ልጁ እግሩን ቀስ እያለ ሲያነሳ አንድ ቦታ ላይ የሞተሩ ድምፅ ወረደ፣ መሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ስፖኪዮው ውስጥ የሚታየው አጥር ተርገበገበ። «እዚህ ጋ! አትልቀቅ፣ ያዘው!» ልጁ ያዘው። መኪናው ማንም ነዳጅ ሳይሰጠው በገዛ ራሱ መሄድ ጀመረ። ልጁ ቀኝ እግሩን አየ፣ አሠልጣኙን አየ፣ ከዚያ ሳቀ።

ነገሩ አስማት የለውም። የናፍጣ ሞተር ነዳጅ ፔዳሉ ሳይነካ ሸክም ሲመጣበት፣ ዙሩ እንዳይወርድ ናፍጣውን የሚጨምርለት መቆጣጠሪያ አለው። አንደኛ ማርሽ ደግሞ ጉልበቱን ያበዛዋል፤ ብዙዎቹ ሃዎ ገልባጮች ላይ ባለው ባለ 10 ማርሽ ካምቢዮ አንደኛ ላይ ሞተሩ ከ14 ጊዜ በላይ ሲዞር ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ የሚዞረው አንዴ ብቻ ነው። ይህን ያህል ጉልበት ያለው መኪና ሜዳ ላይ ለመነሳት የማንንም ርዳታ አይጠይቅም። አውቶሞቢል ላይ «ነዳጅ እየሰጠህ ልቀቅ» ተብሎ የለመደ እግር ግን ከባድ መኪና ላይ ሲወጣ የመጀመሪያ ሥራው ሸራ መፍጨት ይሆናል። ስለዚህ ያ ሰውዬ ከማስተማሩ በፊት የሚያስረሳው ነገር ነበረው። ለዚህ የሚከፍለው ግን የለም፤ ክፍያው ለማስተማር ነው።

*

የሸራ ሽታ ሲመጣ እያንዳንዱ ሹፌር የሚጠረጥረው ከፊቱ ያለውን መኪና ነው።

*

ፍሪሲዮን ሲረገጥ ቶሎ ነው፤ ለመነሳት ሲለቀቅ ቀስ ነው፤ እየተሄደ ማርሽ ተቀይሮ ሲለቀቅ ደግሞ ያን ያህል ቀስ አይደለም፣ ምክንያቱም ዙሩ ከተመጣጠነ የሚንሸራተት ነገር የለም፣ ካልተመጣጠነም ቀስ ማለት ሸራውን ማብላት ነው። ይህ ሁሉ ጋቢና ውስጥ ለጀማሪው የሚደርሰው «ቶሎ! ቀስ! ኧረ ቶሎ! ቀስ አልኩህ!» ሆኖ ነው። በእኛ አገር የመኪና ትምህርት ዋናው መሣሪያ ጩኸት መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የሚማረው ሰው ከሁሉም በላይ መስማት ያለበት የሞተሩን ድምፅ ነው፤ እኛ ግን እላዩ ላይ እንጮኽበታለን።

*

ዳገት ላይ ቆሞ መነሳት። ሠልፍ ውስጥ ከኋላ ሚኒባስ ተለጥፏል፤ ሚኒባሱ ሁልጊዜ ይለጠፋል። ጀማሪው ወደ ኋላ መንሸራተትን ስለሚፈራ ፍሬኑን ትቶ መኪናውን በፍሪሲዮንና በነዳጅ ያቆመዋል። ከውጭ ለሚያየው የተካነ ይመስላል፤ መኪናው ወደፊትም ወደኋላም አይልም። ከታች ግን ሸራው በመላ ክብደቱ እየተፋጨ ነው።

ረዳት ያለው መኪና ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ረዳቱ ገና መኪናው ሳይቆም ታኮውን ይዞ ዘሎ ይወርዳል፣ ከኋላ ጎማ ሥር ይወትፋል፣ መኪናው ሲነሳ ታኮውን ነጥቆ እየሮጠ ይደርስበታል። የዓባይን ዳገት ወደ ደጀን የወጣ ሰው ይህን ሩጫ ያውቀዋል። ሩጫው ያምራል። ግን ሹፌሩን ምን እንዳስተማረው ስጠይቅ የማገኘው መልስ አያምርም፤ የታኮ ልማድ ያለው ሹፌር የእጅ ፍሬን መጠቀም አይማርም። የአየር ፍሬን ያለው መኪና እጅ ፍሬኑ ትንሽ ማንሻ ናት፤ ሲይዝ የሚይዘው ስፕሪንግ ነው፣ ከዓባይ ዳገትም አይለቅም። ፍሬኑን መያዝ፣ ፍሪሲዮኑን ጋቢናው ትከሻውን እስኪነቀንቅ ድረስ ማምጣት፣ እዚያ ጋ እግርን ማቆም፣ ማንሻዋን መልቀቅ። ይኸው ነው። ሦስት እጅና እግር አይጠይቅም፣ ድፍረት ነው የሚጠይቀው፤ የእግር ፍሬኑን ትቶ በአንዲት ትንሽ ማንሻ የመታመን ድፍረት።

*

ብዙ ሰው ፍሪሲዮን አደገኛ የሚሆነው ዳገት ላይ ይመስለዋል። አደገኛ የሚሆነው ቁልቁለት ላይ ነው።

ከጎሃ ጽዮን ተነስቶ እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያ ርቀት ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወረዳል። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። 40 ቶን የሚመዝን ባለ ተሳቢ መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ አምስት በርሜል ውሃ ከቧንቧ እንደተቀዳ አፍልቶ ይተርፋል። ይህ ሙቀት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ከፊሉን ነፋስና ጎማ ይውጡታል። የቀረው ወይ በሞተሩ በኩል በጭስ ማውጫና በራዲያተር ይወጣል፣ ወይ ከበሮው ውስጥ ገብቶ የፍሬን ሸራውን ያነደዋል። ሦስተኛ በር የለም። ሞተሩ ድርሻውን የሚወስደው ደግሞ ማርሽ ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው። ፍሪሲዮን በተረገጠ ቁጥር ያ በር ይዘጋል።

ስለዚህ የቁልቁለት ማርሽ የሚመረጠው ጎሃ ጽዮን ላይ ነው፣ ሜዳው ሳያልቅ። የድሮ ሹፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይላሉ። ጥሩ ምክር ነበር፤ ዛሬ አይበቃም። የአሁኑ መኪና ጉልበቱ ስለበዛ ዳገቱን በቀላል ማርሽ ይወጣዋል፤ በዚያው ማርሽ ልውረድ ቢል ሞተሩ አይዘውም። ከወጣበት አንድ ወይም ሁለት ማርሽ ማክበድ አለበት።

ጀማሪው የሚያደርገው ይህንን ነው፦ በቀላል ማርሽ ይገባል፤ ፍሬን ይይዛል፤ መኪናው ግን ይፈጥናል፤ ልቡ ሲመታ «ላክብደው» ይላል። ፍሪሲዮን ረገጠ፣ ከማርሹ ወጣ። አሁን ፎሌ ላይ ነው። በፎሌ ባሳለፋት ሰከንድ ውስጥ መኪናው የበለጠ ፈጠነ፤ የሚፈልገው ከባድ ማርሽ በዚያ ፍጥነት አይገባም፣ እያንቋቋ ይመልሰዋል። የወጣበት ማርሽም ቢሆን ሞተሩን በነዳጅ ካላነሳው አይቀበለውም፣ በዚያ ድንጋጤ ውስጥ ደግሞ ነዳጅ የሚሰጥ ጀማሪ የለም። ከዚያ በኋላ ያለው ለትራፊክ ፖሊስ የሚነገረው «ፍሬን እምቢ አለኝ» ነው። ፍሬኑ እምቢ ያለው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የሄደው ማርሹ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ቁልቁለትን በፎሌ የሚወርዱ፣ ያውም እያወቁ፣ አሉ። ነዳጅ ለመቆጠብ ነው። ለጉዞ ናፍጣ ተቆጥሮ የሚሰጠው ሹፌር የተረፈውን ስለሚያስበው አልፈርድበትም፤ ሒሳቡ ግን ተሳስቷል። መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ፣ እግር ከነዳጁ ላይ ተነስቶ፣ ጎማው ሞተሩን ሲያዞረው ፓምፑ ናፍጣ መርጨት ያቆማል። ፎሌ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ እየተረጨለት ይቆያል። ማለትም ቁልቁለቱ ላይ የሚበላው በፎሌ የሚወርደው ነው። ይህንን ለሠልጣኝ ከነገረው በኋላ ወደ ናፍጣው ዋጋ የሚያሻግር አሠልጣኝ፣ ስለ ሞት ከሚሰብከው ይልቅ የሚሰማ ይመስለኛል።

*

ለሞተር ማዘን የሚባል በሽታ አለ። ቁልቁለት ላይ በከባድ ማርሽ ሲወረድ ሞተሩ ይጮኻል፤ ሞተር ፍሬን ሲጨመርበትማ ጋቢናው ይናወጣል። ሞተር ፍሬን ጉልበቱ የሚታየው ደግሞ ዙሩ ከፍ ሲል ነው። ረዳቱ ቀና ብሎ ያያል፣ አብሮ የተሳፈረ ሰው «ኧረ አይሰበርም?» ይላል፣ ጀማሪው ያፍርና ማርሹን ያቀለዋል። በተቃራኒው ዳገት ላይ ዙሩ ወርዶ ወርዶ ሞተሩ እየተንገጫገጨ፣ ጥቁር ጭስ እየተፋ ሲያቃስት ማንም ምንም አይልም፤ ድምፁ ዝቅ ስላለ የተመቸው ይመስላቸዋል። የ371ዱ ሃዎ ሞተር ከፍተኛ የመጠምዘዝ ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ ከ1,100 እስከ 1,600 ዙር ባለው ውስጥ ነው። ከዚያ በታች አውርዶ ማስጨነቅ ነው ጭካኔው። ጩኸቱን ችሎ መቀመጥ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ በየትኛው የፈተና ወረቀት ላይ እንዳለ ግን አላየሁም።

*

በዚያው ባለ 10 ማርሽ ካምቢዮ ላይ ሁለተኛና ሰባተኛ አንድ ቦታ ናቸው። ሦስተኛና ስምንተኛም እንዲሁ። የሚለያቸው ማንሻው ላይ ያለችው የሎውና የሃይ መቀየሪያ ናት። አውቶሞቢል ላይ እጅ ቦታ ይማራል፤ እዚህ ግን ቦታውን ማወቅ ግማሽ እውቀት ነው። ጀማሪዎች ሲቆጥሩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ እንደ ቆጣሪ ተማሪ ሳይሆን እንደሚጸልይ ሰው። መቆጠሩን አልቃወምም። ስምንተኛ ላይ እየከነፈ ሰባተኛን ሲፈልግ ጣቱ ሎውን የነካ ሰው ካምቢዮው ካልተከላከለለት የሚያገኘው ሁለተኛን ነው፤ ያን ጊዜ ፍሪሲዮኑን ቢለቅ ጎማው ሞተሩን ከአቅሙ በላይ ያዞረዋል፤ ቫልቭና ፒስተን ሊገናኙ ይችላሉ።

*

የሲኖትራክን ገልባጭ «ቀይ ሽብር» አልነው፤ ኢሱዙን «አልቃኢዳ» አልነው። ለመኪናው ስም በማውጣት የሚስተካከለን የለም። በቢያጆ የሚከፈለው ሰው ከባድ ማርሽ የሚያስገባበት ጊዜ ከኪሱ እንደሚወጣ ግን ስም አላወጣንለትም።

*

ስለ ረዳትነት በናፍቆት የሚያወራ ሰው ሞልቷል። «የዱሮ ሹፌር ተሳቢው ሥር እያደረ፣ ጎማ እየፈታ፣ ዘይት እየለካ ነው የተማረው» ይባላል። እውነት ነው፤ መኪናውን ያውቀዋል። «አምስተኛ መንጃ ፈቃድ አለኝ» የሚሉት አዛውንቶች፣ ዛሬ ደረቅና ፈሳሽ ተብሎ በቁጥር ከተከፋፈለው ፈቃድ ጋር ሲያወዳድሩት አፋቸውን ሞልተው ነው። እኔ የምጠረጥረው አንድ ነገር ነው። ረዳቱ መሪ የሚሰጠው የት ነበር? አለቃው እንቅልፍ ሲጥለው፣ ሌሊት፣ ከገዋኔ ወዲያ፣ አፋር ሜዳ ላይ። እዚያ ማርሽ አንዴ ይገባል፣ ከዚያ መሪ መያዝና ከግመል መጠንቀቅ ነው። ማርሽ የሚበዛበት ቦታ ላይ፣ ጣርማ በር ላይ፣ ግራ ካሶ ላይ፣ ሊማሊሞ ላይ፣ አለቃው ነቅቶ መሪውን ይወስደዋል። ስለዚህ ረዳቱ ብዙ ዓመት መኪና ላይ ኖሮ የማርሽን ነገር የተማረው በዓይኑና በጆሮው ነው እንጂ በእግሩ አይደለም። ፈቃድ ባወጣ ማግስት ብቻውን የሚገጥመው ደግሞ ያንኑ ቁልቁለት ነው።

*

ሲንክሮ ያልነበራቸው የዱሮ ካምቢዮዎች አስተማሪ አያስፈልጋቸውም ነበር፤ ራሳቸው ይገርፉ ነበር። ፍሪሲዮን ረግጦ ወደ ፎሌ ማውጣት፣ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ፣ ማርሹ የሚከብድ ከሆነ ነዳጅ ሰጥቶ ዙሩን ማንሳት፣ ደግሞ ረግጦ ማስገባት። ዙሩ ካልተመጣጠነ ማርሹ አይገባም፣ ጥርሱ ሲፋጭ ድምፁ መንደር ያነቃል። በዚህ ያለፉ ሰዎች ጆሮ ሌላ ነው። የፍሪሲዮን መስመር መንገድ ላይ ቢበጠስባቸው አንደኛ አስገብተው በሞተሪኖ እያስነሱ፣ ቀጣዩን ማርሽ ፍሪሲዮን ሳይረግጡ ዙር እየጠበቁ እያስገቡ ቤታቸው ይገባሉ። ሲንክሮ ሲመጣ ሁለቴ መርገጡ ቀረ። መቅረቱ ጥሩ ነው፤ ዙር ማዳመጡ አብሮ መቅረቱ ግን የግድ አልነበረም።

*

ዴንቨር ያለ የአክስቴ ልጅ ጂቡቲ መስመር ላይ ኖሮ ነው የሄደው። እዚያ ማሠልጠኛ ሲገባ «እኔን ምን ያስተምሩኛል» ብሎ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን መኪናው እየሄደ ፍሪሲዮኑን እንደለመደው እስከ ወለሉ ሲረግጥ አሠልጣኙ ከወንበሩ ብድግ አለበት። ነገሩ ወዲህ ነው፦ በአሜሪካ ሲንክሮ የሌላቸው ካምቢዮዎች ላይ የፔዳሉ መጨረሻ ላይ ክላች ብሬክ የሚሉት ነገር አለ። ሥራው መኪናው ቆሞ ሳለ አንደኛ ወይም ሪቨርስ ሳይንቋቋ እንዲገባ የካምቢዮውን መግቢያ ዘንግ ማስቆም ነው። እየሄደ እስከ ወለሉ የረገጠ ሰው ይህንን ብሬክ ከሚዞረው ዘንግ ጋር ያታግለዋል፤ ብሬኩ ይበላል፣ ማርሹም አይገባም። እየተሄደ የሚረገጠው ጥቂት ሳንቲም ብቻ ነው፣ እሱም ሁለቴ። እኛ ዘንድ «እስከ መጨረሻው ርገጥ» ተብሎ የተማረው እግር እዚያ ጥፋተኛ ሆነ። ስልክ ላይ ሲያጫውተኝ ከፈተናው ይልቅ ይህ ነው ያንገበገበው።

እዚያ ፈተናውን ፍሪሲዮን ፔዳል በሌለው መኪና የወሰደ ሰው ፈቃዱ ላይ «ኢ» የምትል ገደብ ትገባለታለች፤ ባለ ፔዳሉን ከባድ መኪና ሊነዳ አይችልም ማለት ነው። ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ጀማሪ ሁሉ ከተመዘገበ አሠልጣኝ ዘንድ ሳይማር ለፈተና አይቀርብም፤ ሕጉ ግን ይህን ያህል ሰዓት ይንዳ ብሎ ቁጥር አላስቀመጠም፣ አሠልጣኙ «ችሏል» ብሎ ሲመሰክርለት ነው። ሰዓት መቁጠር ከለመደ አገር ለሄደ ሰው ይህ ልቅነት ይመስላል። እኔ ወድጄዋለሁ። ሰዓት ቆጥሮ የሚያልፍ ሠልጣኝ የሚያልፈው ሰዓቱ ስላለቀ ነው።

*

ፔዳል የሌለው ከባድ መኪና እኛም ጋ ገብቷል። ቮልቮ አይ ሺፍት ያለውን በ2001 እ.ኤ.አ. ካወጣ ወዲህ ሌሎቹም ተከትለዋል። ብዙው ሰው ያልተረዳው፣ በእነዚህ መኪኖች ውስጥ ፍሪሲዮኑ አልጠፋም፤ ያው ዲስክ፣ ያው ሸራ ነው፣ የሚረግጠው ኮምፒውተሩ ብቻ ነው። ደረቅ ወደብ በር ላይ ሠልፍ ይዞ ዳገት ያለበት ቦታ ላይ ፍሬን ትቶ በነዳጅ ብቻ የሚያንፏቅቅ ሹፌር ሸራውን እግሩ ሳይነካው ያነደዋል። በቅርቡ አንድ ጋራዥ ውስጥ ቆሜ የሰማሁት ነው። ካምቢዮው ወርዷል፣ ሸራው እንደ ከሰል ጠቁሮ ወለሉ ላይ ተቀምጧል፣ ባለንብረቱ የዋጋ ወረቀቱን ይዘው ይከራከራሉ።

«ስገዛው እኮ ፍሪሲዮን የለውም ብለውኛል!»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀና አለ። «ጋሼ፣ ፔዳል የለውም ነው ያሉዎት።»